የእናቴ ግፊት ከ150 አልወርድ ብሏል፤ መድኃኒት ሳይጀመር በምግብና በእንቅስቃሴ ምን ያህል ማውረድ ይቻላል?

የደብረ ብርሃኗ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። ጤና ጣቢያ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተለክተው 152 በ94፣ 148 በ92፣ 154 በ96 ወጣ። ስኳር የለባቸውም፤ ኩላሊታቸውም ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። ሐኪሙ የሦስት ወር ጊዜ ሰጥቷቸው «ጨው ይቀንሱ፣ ይራመዱ፣ ክብደት ይቀንሱ፤ ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን» ብሏቸዋል። ክብደታቸው 78 ኪሎ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ58 ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ነው የሚውሉት። ማታ ሁለቱም እግራቸው ያብጣል፣ ጣታቸውም ይቀዘቅዛል። ጾም አንድም አይቀራቸውም።

የምጠይቀው ይህን ነው። «ጨው ቀንሱ» ሲባል ለ4 ሰው በአንድ ድስት ለሚሠራ ወጥ ስንት ማለት ነው? ጎረቤቱ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ተልባ፣ ሽፈራው፣ ካርካዴ ይላል፤ እውነት የሚሠራው የትኛው ነው፣ በምን መጠን? ለደም ዝውውሩስ እግራቸውን ምን እናድርግላቸው? የገዛነው የቤት መለኪያ ደግሞ ጠዋት 161፣ ማታ 139 እያለ ግራ አጋብቶናል።

ነርስ ከጎንደር፦

እህቴ፣ ከመለኪያው ልጀምር። እሱ ካልተስተካከለ ሦስቱን ወር ሙሉ የሚሠራውና የማይሠራው አይለይላችሁም።

ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ካፍ ገልብጠሽ እዪው፤ የክንድ ዙሪያ ልክ ተጽፎበታል፣ ብዙውን ጊዜ 22–32 ሴንቲ ሜትር ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር የእናትሽን ክንድ በትከሻና በክርን መካከል ለኪው። ከ32 ካለፈ ያ ካፍ ለሳቸው ጠባብ ነው፤ ጠባብ ካፍ ደግሞ ግፊቱን ካለበት አብልጦ ያሳያል። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ ተዉት፤ የእጅ አቀማመጥ ትንሽ ሲዛባ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል።

ከመለካታቸው በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ ዳገት አይውጡ። ሽንታቸውን ይሽኑ፤ ሽንት ወጥሮት የሚለካ ሰው ላይኛው ቁጥር 10 ያህል ሊጨምር ይችላል። መደገፊያ ባለው ወንበር (በርጩማ አይሆንም) ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ካፉ ከልብ ትይዩ ይሁን፤ ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ካፉ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በባዶ ቆዳ ላይ ይታሰር። በእናንተ ብርድ የተለመደው ስህተት የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለል ነው፤ የተጠቀለለው እጅጌ ክንዱን አንቆ ይይዛል። አንዱን እጅ ማውለቅ ይበቃል። እየተለኩ ሳለ አይናገሩ፣ አንቺም አታናግሪያቸው።

ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እየጠበቃችሁ ለ7 ቀን መዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ሰርዙት። የቀሩትን 24 ላይኛ ቁጥሮች ደምረሽ ለ24 አካፍዪ፤ ታችኛውንም እንደዚሁ። የምታምኚው ያንን አማካይ ነው። 161ም 139ም ብቻቸውን ምንም አይነግሩሽም። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135 በ85 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል፤ ጤና ጣቢያ ሲሆን መስመሩ 140 በ90 ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ለኩና ከዚያ በኋላ በሚበልጠው ክንድ ብቻ ቀጥሉ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦

ስለ ጨው ልመልስ፤ ከተጠየቀው ሁሉ ግፊትን አብልጦ የሚነካው እሱ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ግን ወጥ ሲሠራ ግራም የሚቆጥር ሰው ስለሌለ፣ ከድስቱ ይልቅ ከረጢቱን ቁጠሩ። አዲስ የ1 ኪሎ ጨው ስትከፍቱ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉበት። 4 ሰው በቀን 20 ግራም ነው፤ ስለዚህ 1 ኪሎ 50 ቀን መቆየት አለበት። በ25 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 10 ግራም እየበላ ነው።

«ቢያንስ» ያልኩት ከረጢቱ ውስጥ የማይቆጠር ጨው ስላለ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮውም እንደዚያው፣ ሚጥሚጣውም፣ አዋዜውም። ከዚያ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጨው፣ ወጡ ሲንተከተክ ጨው፣ ሊወርድ ሲል ተቀምሶ «አነሰው» ተብሎ እንደገና ጨው። ለ5 ኪሎ በርበሬ ግማሽ ኪሎ ጨው ተጨምሮ ከተፈጨ ወደ 9 በመቶው ጨው ነው። ከዚያ በርበሬ 4 የሾርባ ማንኪያ የገባበት ድስት፣ እናንተ ጨው ሳትነኩ 3 ግራም ገደማ ይዞ ይጀምራል። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨው አታስገቡበት። ጨው ካልገባበት ይበላሻል የሚለው አያስጋችሁ፤ በርበሬን የሚያቆየው በደንብ መድረቁና አየር በማያስገባ ዕቃ መቀመጡ ነው።

ወጡ ላይ ጨው አንድ ጊዜ ብቻ ይግባ፣ ከመውረዱ 5 ደቂቃ በፊት፣ በማንኪያ ተለክቶ። መጨረሻ ላይ የገባ ጨው ምላስ ላይ ጎልቶ ስለሚሰማ ትንሹ ይበቃል፤ አዮዲኑም በእሳቱ አይጠፋም። በአንድ ቀን ግማሹን አትቀንሱ፤ ቤተሰቡ ወጡን ገፍቶ ይነሳና ሙከራው በሳምንቱ ይቆማል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሩብ ቀንሱ። ምላስ ጨው መቀነሱን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ አንድ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ይመስላችኋል። እስከዚያው ጣዕሙን በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በቃሪያ፣ በበሶብላ ሙሉት። ወጡ ከወረደ በኋላ ጠብ የምትደረግ ሎሚ የጨውን ቦታ በደንብ ትይዛለች፤ የሎሚ ዋነኛ ጥቅም ለግፊት ሕመምተኛ ይሄ ነው እላለሁ። የሾርባ ኩብ ከቤት ይውጣ፤ አብዛኛው ጨው ነው። ከዳቦ ቤት የሚመጣ ዳቦም ጨው አለበት፤ በሻይ የሚበላው ዳቦ በቆሎ ወይም በገንፎ ይቀየር፣ ገንፎው ግን ቅቤና በርበሬ እንዳይዋኝበት።

ወደ አሞሌ ወይም ሮዝ ወደሆነው የውጭ ጨው አትዙሩ። ግፊት የሚጨምረው ሶዲየም በሁሉም ውስጥ ያው ነው፤ አዮዲኑ ግን የለም፣ ደጋ ላይ ደግሞ እንቅርት ያመጣል።

ጾሙን በተመለከተ፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን በጤፍ እንጀራ ለልብ ከዚህ የተሻለ ማዕድ ማግኘት ይከብዳል። የሚያበላሸው ዘይቱ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ብንል፣ 5 ሊትር ጀሪካን ለ4 ሰው 40 ቀን መድረስ አለበት። ዘይቱ ጠዋት ብርድ ላይ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ነጭ ሆኖ የሚገኝ ከሆነ ፓልም ነው፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፣ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው የስብ ዓይነት ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላሉት፦ ድስቱ ሲግል የተከተፈውን ሽንኩርት ብቻውን አስገብቶ በመጠነኛ እሳት ማማሰል፣ ሊይዝ ሲል አንድ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ቡናማ እስኪሆን መደጋገም። ዘይቱ የሚገባው ከበርበሬው ጋር ነው፤ ለአንድ ድስት 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የተጠበሰበትን ዘይት ለወጥ አትመልሱት።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ግን ለፍስኩ ነው። 55 ቀን ከጾሙ በኋላ በፋሲካ ማለዳ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ ጥሬ ሥጋና ጠላ ባንድ ላይ ሲወርድ ያ ሁሉ ጨውና ስብ በሁለት ቀን ይገባል። ዶሮ ወጡ ይሠራ፤ ጨዉ እንደ ሌላው ቀን ይለካ፣ ቅቤው ይቀነስ፣ ጎመኑ ከማዕዱ አይጥፋ።

ስለ ቀይ ስር አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን ከጎረቤቱ ዝርዝር ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ናይትሬት የሚባል ነገር አለው፤ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና ሰውነት የደም ቧንቧን የሚያላላ ጋዝ ይሠራበታል። ቆስጣም አለው። የሚሳሳተው አቀቃቀሉ ነው፦ ተልጦና ተከትፎ ከተቀቀለ ናይትሬቱ ውሃው ውስጥ ይቀርና ከውሃው ጋር ይደፋል። ሳይላጥ፣ ሥሩና ጭራው ሳይቆረጥ በእንፋሎት ወይም በጥቂት ውሃ ቀቅሉትና ከበሰለ በኋላ ላጡት። በቀን አንድ መካከለኛ ቀይ ስር ይበቃል። ሽንት ቢቀላ አትደንግጡ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ቀይ ስርና ቆስጣ አያብዛ።

የደብረ ብርሃኗ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ክንዳቸውን ለካሁት፣ 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ካፉ ላይ የተጻፈው 22–32 ነው። ጨዉ ደግሞ አሁን አሰብኩት፣ 1 ኪሎው በሦስት ሳምንት ያልቃል። ቡናስ? ቀን ሦስት ሲኒ ይጠጣሉ፣ ስኳር በደንብ አድርገው።

ነርስ ከጎንደር፦

እንግዲያው 32–42 የሚል ትልቅ ካፍ ፈልጉ፤ ከመለኪያው ጋር አንድ ዓይነት ሥሪት መሆን አለበት፣ የሌላ ኩባንያ ካፍ ቢገጥምም ልኬቱ አይታመንም። ጤና ጣቢያም ሲሄዱ «ትልቅ ካፍ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ እነዚያ ሦስት ቁጥሮች በጠባብ ካፍ ወጥተው ከሆነ እውነተኛው ግፊት ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ማለት ግን ደህና ናቸው ማለት አይደለም፤ በትክክለኛው ተለክቶ እስኪታይ የያዛችሁትን ቀጥሉ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦

1 ኪሎ ለ4 ሰው በ21 ቀን ማለት በቀን ለሰው 12 ግራም ገደማ ነው፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለውን ሳይጨምር። ይህ ብዙ ነው፣ ግን ደግሞ መልካም ዜና ነው፤ ሊወርድ የሚችለው ሰፊ ነውና። ግባችሁ መጀመሪያ 30 ቀን፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 50 ይሁን።

ቡና ለለመደ ሰው ሦስት ሲኒ ግፊትን ለዘለቄታው አይጨምርም። ስኳሩ ግን በሲኒ ሁለት ማንኪያ ቢሆን በቀን ስድስት ማንኪያ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ከዚያ ጀምሩ። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ከሆነ ጀበናው ከሰከነ በኋላ በወረቀት ማጥለያ ይለፍ፤ ተፈልቶ ያልተጣራ ቡና ኮሌስትሮልን የሚጨምር ዘይት አለው፣ ወረቀቱ ያስቀረዋል።

ፋርማሲስት ከሐዋሳ፦

ስለ ጎረቤቶቹ ዝርዝር በየተራ።

ተልባ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከካናዳ የወጣ ጥናት የእግር ደም ቧንቧ የጠበበባቸውን ሰዎች በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ6 ወር አብልቶ ላይኛው ግፊት በ10፣ ታችኛው በ7 ገደማ ሲለይ አሳይቷል። 30 ግራም ወደ 4 የሾርባ ማንኪያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከ1 ማንኪያ አይበልጥ፤ ያለዚያ ሆድ ይነፋል። መፈጨት አለበት፤ ሙሉ ፍሬው እንደገባ ይወጣል። ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉት (ጠቆር ካለ ዘይቱ ተቃጥሏል)፣ ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፍጩና በጠርሙስ ከድናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። መጥፎ የዘይት ሽታ ካመጣ ይደፋ። ውሃ በብዛት ይጠጣበት፤ ተልባ ውሃ መጦ ስለሚያብጥ በትንሽ ውሃ ከተወሰደ ሆድ ያደርቃል። ጨው ወይም ማር ተጨምሮበት የሚጠጣው ልማድ እዚህ ላይ አይጠቅምም። ወደፊት መድኃኒት ከጀመሩ ደግሞ በተልባውና በክኒኑ መካከል 2 ሰዓት ይለፍ፤ የተልባው ዝልግልግ ፈሳሽ መድኃኒቱን ይዞ ያዘገየዋል።

ካርካዴም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት በቀን 3 ኩባያ ለ6 ሳምንት የጠጡት ሰዎች ላይኛው ግፊታቸው በ7 ገደማ ወርዷል። ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ አበባ፣ የፈላ ውሃ ተጨምሮበት 6 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ። ስኳር አይጨመር። ኮምጣጣ ስለሆነ ጥርስ ይጎዳል፤ ከጠጡ በኋላ በውሃ ይጉመጥመጡ። ነፍሰ ጡር አትጠጣው።

ነጭ ሽንኩርት ጥቂት ይረዳል። ተደቁሶ 10 ደቂቃ ሳይነካ ይቆይ፣ ከዚያ ይብሰል፤ የሚሠራው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ከተደቆሰ በኋላ ስለሆነ ወዲያው እሳት ከነካው ይጠፋል። ከሎሚ ጋር ተፈልቶ «የደም ቧንቧ ይጠርጋል» የሚባለውን ግን አትመኑ፤ በቧንቧ ግድግዳ ውስጥ የተጋገረ ስብን ሽንኩርትም ሎሚም አያጥበውም። ደም ማቅጠኛ (ዋርፋሪን) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ነጭ ሽንኩርት በብዛት መውሰድ የለበትም፣ ደም ሊፈሰው ይችላል።

ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅሎ መብላት መልካም ምግብ ነው፤ ኮንሶ ዘወትር ይበላል። ለግፊት መድኃኒት ነው ብሎ መተማመን ግን ማስረጃው አያደርስም። ቅጠሉን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሥሩንና ልጡን አትንኩ።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቀው፦ እናትሽ ለጉልበት ወይም ለወገብ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳሉ? ብዙ እናቶች ያለ ማዘዣ ገዝተው ለወራት ይውጣሉ። ሁለቱም ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ እግር ያሳብጣሉ። ይህ ካለ ከተልባው በፊት እሱ ይቁም፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖችም ግፊት ይጨምራሉ። ጫት ቤት ውስጥ ካለም እንደዚሁ፤ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ቧንቧን ያጠባል።

ፊዚዮቴራፒስት፦

እግሩን ለኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ የትኛው ዝውውር እንደሆነ ይለይ። ወደ ታች የሚወስደው ደም ቅዳ ነው ወይስ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ? ማታ ሁለቱም እግር አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ቀርቶ፣ አድረው ጠዋት ጎድሎ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የደም መልስ ጉዳይ ነው፣ መነሻውም መቀመጡ ነው። ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተር ደም መልሱን ይጨምቀዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ሲውል ግን ደሙ ታች ይቋጠራል። በርጩማ ደግሞ ያብሰዋል፤ ዝቅተኛ ስለሆነ ጉልበት አጥብቆ ይታጠፍና ከጉልበት ጀርባ ያለው ደም መልስ ይጠመዘዛል። ጭን ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ይግዙላቸው። ከዚህ ሁሉ ምክር በአንድ ቀን የሚፈጸመው ይህ ነው።

በየሰዓቱ ባንኮኒውን ይዘው ቆመው ተረከዛቸውን 20 ጊዜ ያንሱ ያውርዱ፦ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ሁለት ሰከንድ መቆየት፣ ቀስ ብሎ መውረድ። ደንበኛ ሲበዛ ተቀምጠውም ይሠራል። ማታ 20 ደቂቃ በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን ከልብ ከፍ አድርገው ትራስ ላይ ያሳርፉ፤ ተቀምጦ ዱካ ላይ መዘርጋት ብቻ አይበቃም።

ነገር ግን ሲራመዱ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ባታቸው ጨምድዶ ይዟቸው ሲቆሙ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ከሆነ የደም ቅዳ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚጠብቅ ካልሲ እንዳታደርጉላቸው፤ የጠበበውን ይባስ ያንቀዋል። መጀመሪያ ሐኪም የእግሩን ትርታ ይመርምር። ለዚህ ዓይነቱ ሕክምናው መራመዱ ራሱ ነው፦ ሕመሙ መካከለኛ እስኪሆን መሄድ፣ እስኪለቅ መቆም፣ እንደገና መሄድ፣ በጠቅላላ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ሰው ሕመሙን ፈርቶ ሲተው ነው ርቀቱ የሚያጥረው።

ቅዝቃዜው ከመደንዘዝ ወይም ሌሊት ሌሊት ከማቃጠል ጋር ከሆነ ደግሞ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ስኳርና ቫይታሚን ቢ12 ይለካ። ዓመቱን ብዙውን ቀን የሚጾም ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። የደነዘዘ እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ አይነከር፤ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ። ካስፈለገ ውሃውን አንቺ በክርንሽ ፈትኚው።

ለግፊቱ እርምጃው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ቢሆንም ይቆጠራል። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዘመር የማያስችል ይሁን። ጠዋት ወደ ሱቅ፣ ማታ ወደ ቤት በእግር ከሆነ ግማሹ ተፈጸመ። በዚያ ላይ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥን ጨምሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና ለግፊት ከሌሎች እንቅስቃሴዎች ሁሉ አብልጦ ያገኘው ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻን የመወጠር ልምምድን ነው። ጀርባ ግድግዳ ላይ፣ እግር ወደፊት ሁለት ጫማ ያህል፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ መቆየት። ሙሉው ልክ 4 ጊዜ 2 ደቂቃ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ በሳምንት 3 ቀን ነው። እናትሽ በ20 ሰከንድ ይጀምሩ፣ ከኋላቸው ወንበር ይኑር። ትንፋሽ መያዝ አይፈቀድም፤ ትንፋሽ ተይዞ ሲገፋ ግፊቱ ወዲያው ይዘላል። ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይዝም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህን ይተዉትና እርምጃው ብቻ ይበቃቸዋል።

የደብረ ብርሃኗ ልጅ፦

ዲክሎፌናክ ይወስዳሉ! ለጉልበታቸው፣ ብርድ ሲጠና በየቀኑ ማለት ይቻላል። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። በጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ እርምጃው አይከብዳቸውም? ሦስት ወሩ ሳያልቅስ ቶሎ መሄድ ያለብን መቼ ነው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ዲክሎፌናኩን ዛሬ ያቁሙ፤ መቆሙንም በመዝገቡ ላይ ቀኑን ጻፉ። የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ልኬት ከዚህ በፊቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይነግረናል። ለሐኪማቸውም ንገሪው፤ ዲክሎፌናክ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ኩላሊቱ እንደገና መታየት አለበት።

በጾም ቀን እርምጃው ጠዋት ቀለል ያለ 10 ደቂቃ፣ ዋናው ደግሞ ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ውሃም የማይጠጡ ከሆነ በቀትር ፀሐይ አይራመዱ። ራስ ካዞራቸው ይቀመጡ፣ ይለኩ። መድኃኒት የሚጀመር ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ አብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ ከጾሙ ሰዓት ጋር ይስማማሉ።

ከምታደርጉት ሁሉ የሚጠበቀው ይህን ያህል ነው፦ ክብደት በቀነሰ በየኪሎው ላይኛው ግፊት 1 ያህል፣ ጨው በግማሽ ሲወርድ 5 ያህል፣ እርምጃው ከ5 እስከ 8። ቁጥሮቹ እንዳሉ አይደመሩም፣ ግን ከ152 ተነስቶ ወደ 138 መድረስ የሚቻል ነገር ነው። ክብደታቸው በሦስት ወር ከ78 ወደ 73 ቢወርድ እጅግ ጥሩ ነው፤ ማታ ከሁለት እንጀራ ወደ አንድ ተኩል መውረድና የቡናው ስኳር መቅረቱ ብዙውን ይሠራል። ካንኮራፉና ትንፋሽ ቆም እያለባቸው ከተኙ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪ፤ የማይወርድ ግፊት አንዱ ሥር እሱ ነው።

የሳምንቱ አማካይ በቤት ልኬት ከ160 በ100 ካለፈ ሦስት ወር አትጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ሂዱ። አንድ ጊዜ 180 በ120 ካለ 5 ደቂቃ አሳርፋችሁ ድገሙት። ሁለተኛውም ያው ከሆነና ምንም ሕመም ከሌለ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይታዩ። የጎረቤት ክኒን አይውሰዱ፣ ምላስ ሥር የሚደረግ ኒፈዲፒንም አይሰጣቸው፤ ግፊትን በድንገት መጣል ራሱ ስትሮክ ያመጣል። ሎሚ ጠጥቶ መጠበቅም ጊዜ ማባከን ነው። ደረት መጨቆን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛል፣ ንግግር መተሳሰር ካለ ግን ቁጥሩ ስንትም ይሁን ወዲያው ሆስፒታል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመማቸው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ያው ነው። እግራቸው ጠዋትም ካልጎደለ፣ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ልባቸው መታየት አለበት።

ከሦስት ወር በኋላ አማካዩ ከ135 በ85 ካልወረደ መድኃኒቱን ይጀምሩ። «ከጀመሩት አይላቀቅም» የሚባለው ብዙ ሰው ወደ ስትሮክ መርቷል። ክኒኑ ሱስ አያስይዝም፤ ሲቆም ግፊቱ የሚመለሰው የግፊቱ ምክንያት ስላለ ነው። ጨውና ክብደቱ ከወረደ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ኢናላፕሪል ካዘዘላቸው የፖታሲየም ጨው የሚባለውን ምትክ ጨው ቤት አታስገቡ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደም ውስጥ ፖታሲየም ይከማችና የልብ ምት ይዛባል። አምሎዲፒን ከሆነ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላልና የአሁኑ እብጠት ምን ያህል እንደሆነ ከመጀመራቸው በፊት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት በላይ፣ ማታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ።

ለቀጠሮው ስትሄዱ መዝገቡን፣ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ ከቤትም መለኪያውን ራሱን ከአዲሱ ካፍ ጋር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጤና ጣቢያው መለኪያ ጋር በዚያው ክንድ አንዱን ካንዱ ቀጥሎ ይመሳከር።